ጆሮ ለሚመረምር ፋርማሲ የትኛው መሣሪያ ይሻላል? ከወረቀት ቅጽ እስከ ካሜራ

ጆሮዬን አመመኝ የሚል ሰው ፋርማሲ ሲገባ ፋርማሲስቱ የሚወስነው ከአራት አንዱን ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ማስታገሻ እየወሰደ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቅ፤ ጠብታ ወይም ሌላ መድኃኒት ይሰጠው፤ አለዚያም ሕመሙ ከጆሮ የመጣ አይደለምና ጥርሱን ወይም ጉሮሮውን ይታይ። መሣሪያ የሚነድፍም ሆነ የሚገዛ ቡድን ከእነዚህ ውሳኔዎች ካልተነሳ ውድ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሥራው እንደ ቀድሞው በግምት ይቀጥላል።

ስለዚህ እዚህ የቀረቡትን አማራጮች በሁለት ጥያቄ እንመዝናቸዋለን። አንደኛው፣ መሣሪያው ከአራቱ ውሳኔዎች የትኛውን ያጠራል? ሁለተኛው፣ የጆሮው ታምቡር ሳይታይ ሲቀር «አልታየም» ብሎ ለመመዝገብ ቦታ አለው ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ንድፍ የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ ነው። ኩክ የሞላው ጆሮ፣ የሚንፈራገጥ ሕፃን፣ አብጦ የተዘጋ የጆሮ ቱቦ በየጊዜው ያጋጥማል። ቅጹ «ጤነኛ» እና «ያመረቀዘ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ካሉት ያልታየው ጆሮ «ጤነኛ» ተብሎ ያልፋል።

ምን ከምን ይለይ?

ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

የውጭ ጆሮ ብግነት የሚይዘው ከጆሮው ቀዳዳ እስከ ታምቡሩ ያለውን ቱቦ ነው። ያሳክካል፣ ያርሳል፣ ቱቦው ይቀላል፣ ያብጣል። ጆሮውን ሳብ ወይም ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ልም አጥንት ጫን ሲያደርጉበት ሰውየው ይሸማቀቃል። ብዙውን ጊዜ በጠብታ ይታከማል።

የመካከለኛው ጆሮ ድንገተኛ ብግነት ከታምቡሩ ጀርባ መግል ሲቋጠር የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ትንንሽ ልጆችን ይይዛል። ጆሮውን መሳብ ሕመሙን አያባብሰውም። ታምቡሩ ይደፈርሳል፣ ወደ ውጭ ይነፋል። አብዛኞቹ ልጆች በሦስት ቀን ገደማ ያለ አንቲባዮቲክ ይሻላቸዋል፤ እስከ ሳምንት የሚቆይም አለ።

ሦስተኛው፣ ድንገተኛ ብግነት ሳይኖር ፈሳሽ ብቻ ከታምቡሩ ጀርባ ተቋጥሮ መቅረቱ ነው። ትኩሳት የለም፣ ሕመሙም ቢኖር ቀላል ነው፤ ጆሮ ይደፈናል፣ መስማት ይቀንሳል። ታምቡሩ ባለበት ያለ ወይም ወደ ውስጥ የሰረገ፣ ማር መሰል ቀለም የያዘ፣ አንዳንዴም አረፋ የሚታይበት ነው። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይሰጥም።

በዚህ ሁሉ መሀል ሰውን በብዛት የሚያሳስተው ቅላት ነው። ያለቀሰ ሕፃን ታምቡሩ ይቀላል፤ ትኩሳት ያለበትም ይቀላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ድንገተኛውን ብግነት በዋናነት የሚለየው በታምቡሩ መነፋት ነው። መካከለኛ ወይም ከፍ ያለ መነፋት ሲኖር፣ ወይም ከውጭ ጆሮ ብግነት ያልመጣ አዲስ ፈሳሽ ሲወጣ ብግነቱ አለ ይባላል። መነፋቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከጀመረ 48 ሰዓት ያልሞላው ሕመም ወይም ኃይለኛ ቅላት አብሮ መኖር አለበት። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ከሌለ ግን ቅላቱ ብቻውን ምርመራ አይሆንም። የመሣሪያው ቅጽም ይህን ቅደም ተከተል ይከተል፦ መጀመሪያ ቅርጽ፣ ቀጥሎ ጥራት ወይም ድፍርስነት፣ ከዚያ እንቅስቃሴ፣ ቀለም መጨረሻ። ቀለምን ከፊት ያስቀመጠ ቅጽ ያለ ምክንያት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ያበዛል።

የጥያቄ ቅጽ፦ ወረቀት ወይስ ታብሌት

ሌላ ምንም መሣሪያ ባይኖር እንኳ ይህ መኖር አለበት። ምክንያቱም አስቸኳይ ሪፈር የሚፈልገውን ሰው የሚለየው በአብዛኛው ጥያቄና ዓይን ነው እንጂ የጆሮ መብራት አይደለም። የቅጹ የመጀመሪያው ሲሶ ለአደጋ ምልክቶች ይሁን፦ ከጆሮ ጀርባ እብጠት ወይም ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ መውጣት፣ የፊት መጣመም፣ አንገት መገተር፣ ኃይለኛ ማዞር፣ ድንገት መስማት ማቆም፣ ጭንቅላት ላይ ጉዳት፣ በጆሮው ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ የጆሮ ሕመም ካለው እንደ ተራ የውጭ ጆሮ ብግነት አይታይ፤ ወደ አጥንት የሚዘልቀው አደገኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልጅ ጆሮው ውስጥ የሰዓት ባትሪ ከገባበት ምርመራው እዚያው ቆሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ባትሪው በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል፤ ጠብታ መጨመር ደግሞ ያባብሰዋል።

ወረቀት መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፣ ሥልጠና አይጠይቅም፣ ማስተካከያም በአንድ ቀን ታትሞ ይወጣል። ችግሩ ሰው የሚዘልለው መሆኑ ነው። ወረፋ ሲበዛ ሳጥኖቹ በሽተኛው ከሄደ በኋላ በአንድ ረድፍ ይሞላሉ፤ ሁሉም «የለም» የሚል ቅጽ ስታዩ ይህን ጠርጥሩ። ታብሌት የአደጋ ጥያቄዎቹ ሳይመለሱ አያሳልፍም፣ ዕድሜን ከልደት ቀን ያሰላል፣ የልጅን የማስታገሻ መጠን ከክብደቱ ያወጣል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በአንድ ስክሪን የሚያሳይ ንድፍ ፋርማሲስቱን ከበሽተኛው ፊት ያርቀዋል፤ ዓይኑ ሕፃኑን ትቶ መስታወቱን ይመለከታል። አሥር ጥያቄ በአንድ ገጽ ላይ ይሻላል።

ምክራችን ወረቀቱን ቀድማችሁ ጥቂት ሳምንት እንድትሠሩበት ነው። የትኛው ጥያቄ እንደሚዘለል፣ የትኛው እንደሚያደናግር እዚያ ላይ ይታያል፤ ታብሌቱ ላይ ስሕተት ማረም ከዚህ በእጅጉ ይከብዳል። በሁለቱም ላይ «አላውቅም» የሚል መልስ ይኑር። ገና መናገር ላልጀመረ ሕፃን «ጆሮውን ያሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ውሳኔ እንዳይመራ አድርጉ፤ ጥርስ የሚያበቅልም፣ እንቅልፍ የመጣበትም ሕፃን ጆሮውን ያሻል።

የእጅ ኦቶስኮፕ

ኦቶስኮፕ የጆሮን ውስጥ በብርሃንና በማጉያ መስታወት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ታምቡር ማየት የፈለገ ፋርማሲ መነሻው ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የፋርማሲ አገልግሎት ፋርማሲስቶች ከ1 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን የመካከለኛ ጆሮ ብግነት እንዲያክሙ ሲፈቅድ ኦቶስኮፕን ግዴታ አድርጓል።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ብርሃኑ ነው። ሃሎጅን አምፖል ያለው ኦቶስኮፕ ባትሪው ሲደክም ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካን ያደላል፤ በዚያ ብርሃን ጤነኛው ግራጫ ታምቡር ቀልቶ ይታያል። መርማሪው አምፖሉ መድከሙን አያውቅም፣ ያመረቀዘ ጆሮ የበዛ ብቻ ይመስለዋል። ኤል ኢ ዲ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ቀለሙን ብዙም አይቀይርም፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ግን ርካሹ ኤል ኢ ዲ ሰማያዊ ያደላበትና ቅላትን የሚያደበዝዝ ነው። ሳጥኑ ላይ ቀለምን በታማኝነት የማሳየት ልኬቱ 90 እና ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። ቀላሉ ፈተና ነጭ ወረቀት ላይ ማብራት ነው፤ ወረቀቱ ነጭ ካልሆነ ታምቡሩም እውነተኛ ቀለሙን አያሳይም።

የፕላስቲክ ጫፎቹ ብዙ ጊዜ በሁለት መጠን ይመጣሉ፤ ለትንንሽ ልጆች 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለአዋቂ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ደንቡ ወደ ቀዳዳው ሳይጨነቅ የሚገባውን ትልቁን መምረጥ ነው። ትንሹን ጫፍ ለሁሉም መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው፤ እይታውን ያጠብባል፣ ከልክ በላይ ጠልቆም ይገባል። የአዋቂ ቱቦ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የውጨኛው ሲሶ ልም አጥንት ስለሆነ ይለጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አጥንት ላይ የተለጠፈ ስስ ቆዳ ነው፣ ጫፉ ሲነካው ያማል።

አያያዙ ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ውጤቱን ይወስናል። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ በጎን ይቀመጣል፤ አንዱ እጇ ራሱን ደረቷ ላይ ያስደግፋል፣ ሌላው ሁለቱን ክንዶቹን አቅፎ ይይዛል። መርማሪው ኦቶስኮፑን እንደ እርሳስ ይዞ ትንሿን ጣቱን ሕፃኑ ጉንጭ ላይ ያሳርፋል። ሕፃኑ ራሱን ቢወረውር እጁና መሣሪያው አብረውት ይሄዳሉ፣ ጫፉ አይወጋም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጆሮው ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ ከዚያ በላይ ላለው ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል። ሁልጊዜ በማያመው ጆሮ ይጀመር፤ ማወዳደሪያ ይሆናል፣ ልጁም ይለምደዋል።

ታምቡሩ መነፋቱን በአንድ ዓይን መለየት ይከብዳል፣ ጥልቀት አይታይምና። የሚረዳው ታምቡሩ ላይ የተጣበቀችውን፣ መዶሻ የምትባለውን ትንሽ አጥንት እጀታ መፈለግ ነው። በጤነኛ ታምቡር ላይ እንደ ዘንግ በግልጽ ትታያለች፤ ታምቡሩ ሲነፋ ትሸፈናለች፤ ሲሰርግ ደግሞ አጥራና ጋደም ብላ ትወጣለች። ይህን ሦስት ሥዕል ከኦቶስኮፑ ማስቀመጫ ጎን መለጠፍ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

የአየር ፊኛ ያለው ኦቶስኮፕ

ያው ኦቶስኮፕ ነው፤ በጎኑ የጎማ ፊኛና ቱቦ ይጨመርበታል። ፊኛው በቀስታ ሲጨመቅ ጤነኛ ታምቡር ይርገበገባል፤ ከጀርባው ፈሳሽ ካለ አይንቀሳቀስም ወይም በጭንቅ ይንቀሳቀሳል። ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን በመለየት ከተራው ኦቶስኮፕ በእጅጉ ይበልጣል፤ ተጨማሪ ወጪውም ትንሽ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? አየር ስለሚያመልጥ ነው። ጫፉ ቱቦውን አጥብቆ ካልገጠመ ጤነኛውም ታምቡር አይንቀሳቀስም፣ ፈሳሽ ያለበት ይመስላል። የኦቶስኮፑ የማያ መስኮት መስታወት ላልቶ ሲቀመጥና የጎማው ቱቦ ሲሰነጠቅም ውጤቱ ይኸው ነው። በየጠዋቱ የጫፉን አፍ በጣት ዘግቶ ፊኛውን መጭመቅ በቂ ፈተና ነው፤ ፊኛው ካልተቋቋመ አየር እያመለጠ ነው። ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለው ዓይነት ይመረጣል። ያመረቀዘ ጆሮ ላይ ያማልና ግፊቱ እጅግ ቀላል ይሁን፤ ታምቡሩ ከተቀደደ ወይም መቀደዱ ከተጠረጠረ አይደረግ። ለጀማሪ ፋርማሲስት ይህን መሣሪያ በመጀመሪያው ወር አንመክርም፤ እጁ በተራው ከተፍታታ በኋላ ግን ፊኛውን መጨመር ካሜራ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅመዋል።

የጆሮ ካሜራ

ካሜራ ሁለት ትልልቅ ነገር ይሰጣል፤ ፋርማሲስቱ ያየውን ለሐኪም መላክ ይችላል፣ እናትም የልጇን ታምቡር አይታ አንቲባዮቲክ ለምን እንዳልተሰጠው ትረዳለች። ሁለተኛው ጥቅም አይናቅ፤ የማስረዳቱን ሥራ ግማሹን ስክሪኑ ይሠራዋል።

ለቤት ተብለው የሚሸጡት ግን ለምርመራ አልተሠሩም። ብዙዎቹ ኩክ የሚዝቅ ማንኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ፋርማሲ ውስጥ ማንኪያዎቹ ከሳጥኑ ወጥተው ይጣሉ፣ ታምቡር ሊቀድዱ ይችላሉና። ጥልቀት የሚገድብ ቀለበት የሌላቸውም አሉ። ሌንሱ በቋሚ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚያጠራ ከሆነ ጠልቆ መግባት ሳያስፈልግ ጥሩ ምስል ይገኛል፤ ከዚህ ባነሰ ርቀት ብቻ የሚያጠራው ወደ ታምቡሩ እንዲጠጋ ያስገድዳል፣ እሱ ይቅር።

የቀለሙ ነገርም አለ። ካሜራው ነጭነትን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ቀይ ቱቦ ሲያይ ቀዩን ያደበዝዛል፣ የሚቀጥለው ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ቀለም ይሰጣል። ይህ ቅንብር የሚቆለፍበት ይመረጥ፤ በየቀኑም አንድ ነጭና አንድ ግራጫ ካርድ ይነሳበት። ምስሉ በገመድ አልባ ሲተላለፍ የሚዘገይ ከሆነ እጅ ከዓይን ይቀድማል፣ ጫፉ ቱቦውን ሳይታወቅ ይነካል። በገመድ የሚያያዘው ከዚህ ነፃ ነው።

ከሁሉ በላይ አንድ ፎቶ ብቻ አትላኩ። ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ የተነፋና ያልተነፋ ታምቡር ይመሳሰላል። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ የሚሆን፣ ጫፉ በትንሹ ወደ ጎን እየተዘነበለ የተቀረጸ ቪዲዮ ቅርጹን ያወጣዋል። ንድፉም «ቀኝ» ወይም «ግራ» ሳይመረጥ መቅረጽ እንዳይጀምር ያድርግ፤ በኋላ ይሞላል የተባለ ጎን ይሳሳታል። ምስሉ የፋርማሲስቱ የግል ስልክ ላይ አይቅር። ጫፉ በየሰው መሀል በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረግ፣ የሚጣል ሽፋን ካለው ደግሞ ይቀየር፤ ሽፋን የሌለው ካሜራ መግል በወጣበት ጆሮ ላይ አይግባ።

ቲምፓኖሜትር

ታምቡሩን አያሳይም፤ ይለካዋል። ጫፉ ጆሮውን ገጥሞ የአየር ግፊቱን ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ይቀይራል፣ በዚያው ድምፅ ልኮ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይመዘግባል። ጉብታ ያለው መስመር ከወጣ ታምቡሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጉብታው ወደ አሉታዊ ግፊት ካደላ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ተስቧል።

መስመሩ ጠፍጣፋ ሲሆን ንባቡ መሣሪያው ከሚለካው የጆሮ ቱቦ መጠን ውጭ ትርጉም የለውም። መጠኑ ለዕድሜው የተለመደ ከሆነ ከጀርባው ፈሳሽ አለ። ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ ታምቡሩ ተቀዷል ወይም አየር የሚያስገባ ትንሽ ሰው ሠራሽ ቱቦ ተተክሎበታል። እጅግ ትንሽ ከሆነ ኩክ ዘግቶታል ወይም የመሣሪያው ጫፍ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ አስተካክሎ መድገም ነው። ስክሪኑ ላይ መስመሩን አጉልቶ መጠኑን በጥቃቅን ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ለፋርማሲ አይሆንም። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የተለመደው 226 ኸርዝ ድምፅ ያሳስታል፣ 1000 ኸርዝ ይፈለጋል፤ እነዚህ ሕፃናት ግን ከፋርማሲ ይልቅ ሐኪም ጋ ቢታዩ ይሻላል።

ትልቁ ገደቡ ፈሳሹ መግል ይሁን ተራ ፈሳሽ አለመናገሩ ነው። ያለ ሕመም መስማቱ የቀነሰበትን ልጅ ለመከታተል ግሩም ነው። አንቲባዮቲክ ይሰጥ አይሰጥ ለሚለው ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ውድ ነው፣ በየጊዜው ልኬቱ መስተካከልም አለበት።

ለአዋቂ በሽተኞች 512 ኸርዝ የሚርገበገበው የብረት ሹካ በጥቂት ወጪ ሌላ ነገር ይጨምራል። ግንባር መሀል ላይ ሲቆም ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ካደላ ችግሩ ኩክ ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጤነኛው ካደላና መስማቱ የጠፋው በድንገት ከሆነ ነርቩ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ምስል አንባቢ ሶፍትዌር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የታምቡር ምስል አይቶ «ብግነት አለ» ወይም «የለም» እንዲል ማድረግ ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ። ለምሳሌ ያህል፣ 100 ሰው ታይቶ 20ው ብግነት አለበት እንበል። ሶፍትዌሩ ካለባቸው 90 ፐርሰንቱን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 80 ፐርሰንቱን በትክክል ያሰናብታል ተብሏል። ከ20ው 18ቱን ይይዛል። ከ80ው ጤነኞች ግን 16ቱን በስሕተት «አለበት» ይላል። ስለዚህ «አለበት» ካላቸው 34 ሰዎች ብግነቱ ያለባቸው 18 ብቻ ናቸው፣ ከግማሽ ብዙም አይርቅም። ብግነቱ ይበልጥ ብርቅ በሆነበት ፋርማሲ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል።

ሻጩን የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የተማረው በምን ካሜራ በተነሱ ምስሎች ነው? ኩክ ያለባቸውን ምስሎች ከፈተናው አውጥቷቸዋል ወይስ አካቷቸዋል? «ምስሉ አይበቃም» ብሎ ይመልሳል ወይ? ለሦስተኛው «አይመልስም» ከተባላችሁ ንግግሩ እዚያ ያብቃ። የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ፋርማሲስቱ የራሱን ግኝት ከመዘገበ በኋላ ብቻ ውጤቱን እንዲያሳይ አድርጉ፤ ቀድሞ ካሳየ ዓይን ማሽኑ ያለውን ማየት ይጀምራል።

እንግዲህ ምን ይገዛ?

አንድ ፋርማሲስት ብቻ ያለበትና ወረፋ የሚበዛበት ቤት በወረቀት ቅጽና ጥሩ ብርሃን ባለው የእጅ ኦቶስኮፕ ይጀምር። የጆሮ ሕመምተኛ ዘወትር የሚመጣበትና ሁለት ፋርማሲስት ያሉት ፊኛ ይጨምር፣ አንዱ ያየውን ሌላው ይድገመው። ሐኪም በርቀት የሚያማክረው ቤት በገመድ የሚያያዝ ካሜራ ይግዛ፤ የሚያማክረው ሐኪም ከሌለ ግን የተነሳው ቪዲዮ የሚሄድበት የለም። ቲምፓኖሜትር የልጆችን መስማት ለመከታተል ስምምነት ላለው ብቻ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ፋርማሲስቱ በመጀመሪያ ቢያንስ 50 ጤነኛ ጆሮ ይይ፤ ጤነኛውን ያልለመደ ዓይን ሁሉም የታመመ ይመስለዋል። በሙከራው ወራት ሦስት ቁጥር ይያዝ፦ ስንቱ ጆሮ «አልታየም» ተባለ፣ ሪፈር ከተደረጉት ስንቱን ሐኪሙ አጸና፣ ይጠብቁ ከተባሉት ስንቱ በሦስት ቀን ውስጥ ብሶበት ተመለሰ። «አልታየም» የሚለው ዜሮ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ኩክ የሌለበት መንደር የለምና ሰው ያላየውን እየመዘገበ ነው።